አፅም የሞተ ሰው አጥንት ብቻ አይደለም፤ «የአጥንቶች ስብስብ» ብቻም አይደለም

ወዳጆቼም የቀድሞ ተማሪዎቼም፣ ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። የሚቆጣ ሰው ካለም እስከ መጨረሻው አንብቦ ይቆጣ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ሳምንት የጎረቤቴ ልጅ፣ የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ናት፣ የፈተና ወረቀቷን ይዛ መጣች። ዓይኗ ቀልቷል። ጥያቄው «አፅም ማለት ምን ማለት ነው?» ይላል። እሷ በእርሳስ «የሞተ ሰው አጥንት» ብላ ጽፋለች። በቀይ እስክሪብቶ ትልቅ ኤክስ ተደርጎበት፣ ከጎኑ «በሰውነታችን ውስጥ ያሉ አጥንቶች ስብስብ» ተብሎ ታርሟል።

«ጋሼ፣ እማዬ ግን የአያቴ አፅም ከገጠር መጥቶ እዚህ ተቀበረ ትላለች። እማዬ ዋሽታ ነው?» አለችኝ።

እናቷ አልዋሸችም። መምህሩም ከራሱ ፈጥሮ አልጻፈም። ልጅቷ ግን ማንም ሳያስረዳት ዜሮ ይዛ ቤቷ ገባች። መምህሩን ለመክሰስ አይደለም ይህን የምጽፈው፤ እኔ ራሴ ለ31 ዓመት ያንኑ ዓረፍተ ነገር ሰሌዳ ላይ ጽፌአለሁ። እናንተም ገልብጣችኋል። ስለዚህ ክሱ ከእኔ ይጀምራል።

ክሴ ይሄ ነው፦ አፅምን በስሙ አስሸመደድናችሁ እንጂ በሥራው አላስተማርናችሁም። አፅምና አጥንትን አንድ አድርገን፣ ሁለቱንም እንደ ደረቅና እንደ ሞተ ነገር አስቀመጥንላችሁ። «ቃል ነው፣ ምን ችግር አለው?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ችግር አለው። ብዙ ችግር አለው። አንዱ ችግር እናቴን ነክቷል፤ ወደ በኋላ እመጣበታለሁ።

መጀመሪያ ቃሉን እንይ።

በግእዝ ዐፅም ማለት አጥንት ማለት ነው። በቃ፣ አጥንት። የሞተ ይሁን የቆመ ለይቶ አይናገርም። ዓረቡ «ዐዝም» ይላል፣ ዕብራይስጡ «ዔጼም» ይላል፤ ሁሉም አንድ ሥር ናቸው። የእኛው «አጥንት» ራሱ ከዚያው ሥር የመጣ ነው። ሁለቱ ቃላት ወንድማማቾች ናቸው ማለት ነው። በአማርኛ ግን ሥራ ተከፋፈሉ። በሕይወት ላለው አጥንት እንላለን፦ «ብርዱ አጥንቴ ድረስ ገባ»፣ «አባቶቻችን ደማቸውን አፍስሰው አጥንታቸውን ከስክሰው»። ለሞተው ደግሞ አፅም እንላለን፦ «አፅሙ ፈለሰ»፣ «አፅሙ በክብር አረፈ»። አፅመ ርስት የምንለውም የአባቶች አጥንት ያረፈበት መሬት ስለሆነ ነው። ስለዚህ ያቺ ልጅ የጻፈችው የአማርኛ ተናጋሪ ሁሉ የሚያውቀውን ትርጉም ነው። አማርኛዋ ፍጹም ትክክል ነው።

ፈረንጆቹም ከሞት አላመለጡም። ስኬለተን የሚለው ቃል ከግሪክ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ «የደረቀ» ማለት ነው፤ ደርቆ የቀረ ሬሳ እንደ ማለት። እነሱ ግን ቃሉን እዚያ አልተዉትም። ሳይንሱ ሲሰፋ ቃሉንም አሰፉት። ቬሳሊየስ በ1543 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የሰውነት መጽሐፍ ውስጥ ያሉትን ሥዕሎች ፈልጋችሁ እዩዋቸው። አንደኛው አፅም አካፋ ተደግፎ ቆሟል፤ ሌላው ክርኑን አስደግፎ የራስ ቅል እያየ ይተክዛል። በሳጥን የተጋደመ ሳይሆን የቆመ፣ የሚያስብ፣ ክብደቱን በአንድ እግሩ ላይ የጣለ አፅም ነው። ከዚያ ወዲህ ሳይንስ ስኬለተንን የነፍሳት ልባስም፣ የትል ውሃም፣ የሴል ክርም ብሎታል። እኛ ቃሉን ተርጉመን ስናመጣ የመጀመሪያውን ትርጉም ብቻ አመጣን። ማስፋቱን ረሳነው።

ታዲያ በሥነ ሕይወት አፅም ምንድን ነው? በሥራው ልንገራችሁ። አንደኛ፣ የአካልን ቅርፅ ይይዛል። ሁለተኛ፣ ጡንቻ የሚጎትተው ወይም የሚገፋው ነገር ይሰጠዋል፤ ያለዚያ መንቀሳቀስ የለም። ሦስተኛ፣ ብዙ ጊዜ ለስላሳውን ክፍል ይጠብቃል። ይህን ሥራ የሚሠራ ሁሉ አፅም ነው። ከምን ተሠራ የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው።

የጭቃ ቤት ሲሠራ ያየ ሰው ይገባዋል። መጀመሪያ ምሰሶው ይቆማል፣ ግድግዳው ይተከላል፣ ማገሩ ይማገራል፣ ከዚያ ነው ጭቃው የሚለጠፈው። ድንኳን ሌላ ነው፤ በቋሚና በገመድ ይወጠራል። ኳስ ደግሞ እንጨትም ገመድም የለውም፣ ውስጡ ያለው አየር ነው ቅርፁን የሚይዘው። ሦስቱም ይቆማሉ፤ ያቆማቸው ግን ይለያያል። «የሚያቆም ነገር ማለት እንጨት ነው» ብላችሁ ብታስተምሩ፣ ኳሱን ያየ ልጅ ምን ይበላችሁ?

አሁን ወደ እንስሳቱ እንሂድ።

አንበጣን ውሰዱ። በ2012 ዓ.ም. መንጋው ሲመጣ ሁላችንም አይተነዋል፣ ገበሬው ደግሞ ከእኛ በላይ ያውቀዋል። ክንፍ ሳያወጣ እየዘለለ የሚሄደውን ኩብኩባ ይለዋል። ኩብኩባ ክንፍ እስኪያወጣ ድረስ አምስት ወይም ስድስት ጊዜ ልባሱን ይጥላል። ያ የሚጥለው ነገር አፅሙ ነው። አፅሙ ውጭ ነው ያለው፤ ካይቲን ከሚባል ነገር የተሠራ ነው፣ ጡንቻዎቹም ከውስጥ በኩል ነው የተያያዙበት። ከእሱ ጋር አብሮ ስለማያድግ ጥሎት አዲስ ያበጃል። አዲሱ እስኪጠነክር ድረስ ለስላሳና ደካማ ነው። እባብ ቆዳውን ገፈፈ ስንል ግን ሌላ ነገር ነው፤ እባብ የሚጥለው የቆዳውን የላይኛ ሽፋን ነው፣ አፅሙ ውስጡ አለ።

እኔ ይህን እንዴት አስተማርኩ? ልጆቹ ከፍ ሲሉ ትምህርቱ ወደ እንግሊዝኛ ሲሻገር «ኤግዞስኬለተን» የሚል ቃል ይመጣል። ልጁ በጭንቅላቱ ይተረጉማል፦ ስኬለተን ማለት አፅም፣ አፅም ማለት አጥንት፣ ስለዚህ «የውጭ አጥንት»። አንበጣ ላይ አጥንት አበቀልንበት! አንበጣ ቅንጣት አጥንት የለውም።

ኤሊን ደግሞ ተመልከቱ። ብዙ ሰው ኤሊ ከድንጋዩ ውስጥ እንደ ቀንድ አውጣ ተሸሽጎ የሚኖር ይመስለዋል። በካርቱን ፊልም ሲወጣም ያሳዩታል። ከእውነት የራቀ ነው። የኤሊ የላይኛው ልባስ ከጎድን አጥንቶቹና ከጀርባ አጥንቱ ጋር አንድ ሆኖ የተሠራ ነው። ከዚያ ሊወጣ አይችልም፤ እኛ ከጎድናችን መውጣት እንደማንችለው። ውጭ የሚታይ ቢሆንም የውስጥ አፅም ነው።

ሻርክ ደግሞ አለላችሁ። ሻርክ ትልቅ አፅም አለው፣ አጥንት ግን የለውም። አፅሙ በሙሉ ካርቲሌጅ ነው፤ ጆሯችሁንና የአፍንጫችሁን ጫፍ ስትይዙ የሚተጣጠፈው ዓይነት። ይሄን ነገር በአማርኛ ምን አልነው? «ልም አጥንት»። ስሙ ራሱ ያሳስታል። አጥንት አይደለም፤ የደም ሥር የለውም፣ እንደ አጥንት አይድንም። ጉልበቱ ላይ ካርቲሌጁ ያለቀበት ሰው «አጥንቴ ነው፣ ይገጥማል» ብሎ የሚጠብቀው ስሙ አሳስቶት ነው። አጥንት ይገጥማል። ካርቲሌጅ ግን ከተጎዳ ተመልሶ መጠገን በጣም ይከብደዋል።

አሁን ወደማፍርበት ደረስኩ።

ከዓመታት በፊት እውነት ወይም ሐሰት በሉ የሚል ፈተና አወጣሁ። አንዱ ጥያቄ «የመሬት ትል አፅም አለው» የሚል ነበር። መልሱ ብዬ የያዝኩት «ሐሰት» ነው። ከኋላ የሚቀመጥ ዝምተኛ ልጅ «እውነት» ብሎ መለሰ። ኤክስ አደረግሁበት። ወረቀት ስመልስ እጁን አወጣና «መምህር፣ ፌስታል ውሃ ሞልተን አፉን ስናስረው ይቆማል። ትሉም እንደዛ አይደል?» አለ።

እኔ ምን አልኩ? «ፌስታል አፅም አለው እንዴ?» አልኩት። ክፍሉ ሳቀ። እሱም ተቀመጠ። ዓመቱን ሙሉ እጁን መልሶ አላወጣም።

ልጁ ትክክል ነበር። የመሬት ትል ሰውነት በክፍል በክፍል የተከፋፈለ ነው፣ በየክፍሉ ፈሳሽ አለ። ፈሳሽ ታምቆ አያንስም። በዙሪያ የተጠመጠሙት ጡንቻዎች ሲኮማተሩ ትሉ ይቀጥንና ይረዝማል፤ ወደ ቁመቱ የተዘረጉት ሲኮማተሩ ያጥርና ይወፍራል። እንዲህ እያለ አፈሩን ሰርስሮ ይሄዳል። ጡንቻው የሚገፋው ያንን ውሃ ነው። ሳይንሱ የውሃ አፅም ይለዋል፤ አፅም ነው፣ ምንም ጥያቄ የለውም። የፌስታሉ ምሳሌ ደግሞ በ31 ዓመቴ ውስጥ ከሰማኋቸው ማብራሪያዎች ሁሉ የተሻለው ነው። እኔ አስቄበታለሁ።

አንተ ልጅ፣ ይህን የምታነብ ከሆነ ይቅርታ እጠይቅሃለሁ። ነጥቡን መመለስ አልችልም። ያኔ ክፍሉ ፊት ያዋረድኩህን ያህል ግን እዚህ በሰው ፊት ተሳስቼ ነበር እላለሁ።

ለዚህ ስህተት አንዱ ምክንያት ሌላ ቃል ነው። እንስሳትን «ደንደሴ» እና «ኢ-ደንደሴ» ብለን ከፈልናቸው። ደንደስ ጀርባ ነው፣ ኢ-ደንደሴ ማለትም የጀርባ አጥንት የሌለው ማለት ነው። ቃሉ ጥሩ ነው፣ እወደዋለሁ። ነገር ግን እኛ በአፋችን «ኢ-ደንደሴ ማለት አፅም የሌለው» እያልን አሳለፍነው። የጀርባ አጥንት የለውም ማለትና አፅም የለውም ማለት ሰማይና ምድር ነው።

አበው «ምላስ አጥንት የለውም፣ አጥንት ግን ይሰብራል» ይላሉ። ለሐሜተኛ የተባለ ነው፤ እኔ ግን ብዙ ጊዜ ክፍል ውስጥ ልጠቀምበት ይገባኝ ነበር እላለሁ። እውነት ነው፣ ምላስ ውስጥ አጥንት የለም። ታዲያ እንዴት ይጠነክራል? እንዴት ከአፍ ይወጣል? ምላስ በብዙ አቅጣጫ የተሸመኑ ጡንቻዎች ናቸው፤ መጠኑ ስለማይለወጥ በአንድ በኩል ሲጨመቅ በሌላ በኩል ይረዝማል። የዝሆን ኩምቢም እንደዚሁ ነው። ጡንቻው ራሱ የአፅምን ሥራ ይሠራል።

ወደ ታች እንውረድ፣ ወደ ሴል። እያንዳንዱ ሴላችን ውስጥ የቀጫጭን ክሮችና ቱቦዎች መረብ አለ። የሴል አፅም ይባላል። የሴሉን ቅርፅ ይይዛል፣ ውስጡ ለሚመላለሰው ነገር መንገድ ይሆናል፣ ሴሉ ለሁለት ሲከፈል ክሮሞዞሞቹን ጎትቶ ይለያያል። «ይሄ ደግሞ ለዩኒቨርሲቲ ነው» እንዳትሉኝ። አልቤንዳዞልን ታውቁታላችሁ አይደል? በየትምህርት ቤቱ ለልጆች የሚታደለው የትል መድኃኒት። ወስፋትን እንዴት ይገድላል? የትሉ ሴሎች ውስጥ ያሉት ቱቦዎች የሚሠሩበት ቱቡሊን የሚባል ፕሮቲን አለ። መድኃኒቱ እሱ ላይ ይለጠፍና ቱቦዎቹ እንዳይገጣጠሙ ያደርጋል። ትሉ ስኳር መውሰድ ያቅተዋል፣ ይራባል፣ ይሞታል። በእኛ ቱቡሊን ላይ ብዙም ስለማይለጠፍ እኛን ያልፈናል። ለደም ካንሰር ለሕፃናት የሚሰጠው ቪንክሪስቲንም የሚመታው እነዚህኑ ቱቦዎች ነው፤ የካንሰሩ ሴል መከፋፈል እንዳይችል።

አስተውሉ እንግዲህ። ወስፋት አንዲት አጥንት የለውም። ግን ሁለት ዓይነት አፅም አለው፤ የሰውነቱ የውሃ አፅምና የሴሎቹ አፅም። ልጆቻችን በየዓመቱ የሚውጡት ክኒን የሚያፈርሰው የሴሎቹን አፅም ነው። እኔ ደግሞ ክፍል ውስጥ ቆሜ «ትል አፅም የለውም» ስል ነበር።

እዚህ ላይ የድንቅነሽን ነገር ላንሳ፤ ምክንያቱም አፅም ሲባል ሁላችንም ወደ እሷ እንሮጣለን። በኅዳር 1967 ዓ.ም. አፋር፣ ሐዳር ላይ የተገኘችው ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ አላት። ከአፅሟ የተገኘው 40 ከመቶ ያህሉ ነው። «የሉሲ አፅም» ማለት ስህተት አይደለም። ግን ያ አጥንት በዘመናት ብዛት ማዕድን ገብቶበት ወደ ድንጋይነት የተለወጠ ነው፤ ለእሱ «ቅሪተ አካል» የሚል ግሩም ቃል አለን። ደግሞስ ድንቅነሽን ዓለም ያከበራት አጥንቷ ስለተቆጠረ ነው? ዳሌዋና የጉልበቷ አሠራር በሁለት እግሯ ቀጥ ብላ ትሄድ እንደነበር ስለተናገረ ነው እንጂ። ሥራው ነው የተነበበው። ሳይንቲስቶቹ ከደረቀ ድንጋይ ውስጥ የምትራመድ ፍጡር አዩ። እኛ በሕይወት ካለ ልጅ ውስጥ 206 ቁጥር አየን።

206ን ካነሳሁ አይቀር፣ እሱም ቢሆን የተሸመደደ ነው። ሕፃን ሲወለድ ወደ 300 የሚጠጉ ክፍሎች አሉት፤ እያደገ ሲሄድ እርስ በርስ ይጋጠማሉ። ትልቅ ሰው ላይም ቢሆን ተጨማሪ ጎድን ያለው፣ ተጨማሪ ትንንሽ አጥንት ያለው ሰው አለ። 206 የተለመደው ቁጥር ነው፣ ሕግ አይደለም።

አሁን ወደ እናቴ ልምጣ።

እናቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ በ64 ዓመቷ ደጃፍ ላይ አዳልጧት ወደቀች። ከቁመቷ ነው የወደቀችው፣ ከፎቅ አይደለም። የእጇ አንጓ ተሰበረ። ጎበዝ ወጌሻ ነበር፣ አሰረላት፣ ገጠመ። «ዳነች» አልን፣ ቡና ተፈላ። ማንኛችንም «ለምን በዚህች ትንሽ መውደቅ ተሰበረ?» ብለን አልጠየቅንም። ከሦስት ዓመት በኋላ ከአልጋ ስትነሳ ወደቀችና ዳሌዋ ሄደ። ያከማት ሐኪም አንድ ጥያቄ ጠየቀን፦ «ከዚህ በፊት በቀላል አወዳደቅ የተሰበረ ነገር ነበራት?» ያኔ ነው የገባኝ። ያ የእጅ ስብራት ማስጠንቀቂያ ነበር። አጥንቷ እየሳሳ ነበር፤ ሊታወቅ፣ ሊመረመር፣ ሊታከም ይችል ነበር።

እኔ የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ስለ አጥንት ጥያቄ ብትጠይቁኝ ከእንቅልፌ ተነስቼ እመልሳለሁ። በልቤ ውስጥ ግን አጥንት ደረቅ እንጨት ነበር። እንጨት ሲያረጅ ይሰበራል፣ ምን ይደረጋል? ይሄ ነበር እምነቴ። ይባስ ብሎ ከመጀመሪያው ስብራት በኋላ «እማማ፣ አንቺ ተቀመጪ፣ አትንቀሳቀሺ፣ እኛ እንሠራለን» ያልኳት እኔ ነኝ። በፍቅር ነው ያልኩት። ሦስት ዓመት አስቀመጥኳት።

አጥንት ግን ሕያው ነው። ውስጡ ሴል አለ፣ የደም ሥር አለ፣ ነርቭ አለ። አንዱ ዓይነት ሴል አሮጌውን ያፈርሳል፣ ሌላው አዲስ ይሠራል። በአዋቂ ሰው በዓመት በግምት ከአፅሙ አንድ አሥረኛው ይታደሳል። መቅኒው በየሰከንዱ 2 ሚሊዮን ገደማ ቀይ የደም ሴል ያመርታል። ከሰውነታችን ካልሲየም 99 ከመቶው እዚያ ነው የተቀመጠው፤ ልብ እንዲመታ ደም ሲጎድለው ከዚያ ይበደራል። ደግሞም ክብደት ሲሸከም ይጠነክራል፣ ሥራ ሲፈታ ይሳሳል። ጠፈርተኞች ክብደት በሌለበት ሲቆዩ ከዳሌያቸው አጥንት በየወሩ ከአንድ ከመቶ በላይ ማዕድን ያጣሉ። እናቴን ወንበር ላይ ሳስቀምጥ ምን እያደረግሁ እንደነበር አሁን ይገባችኋል። ዳሌዋ ከተሰበረ በኋላ አሥራ አንድ ወር ኖረች፤ ተነስታ አልሄደችም።

የቤት ምሳሌዬም እዚህ ላይ ያልቃል። ማገር አንዴ ከተመታ አይታደስም። አጥንት ግን ይታደሳል። ወጌሻው ያንን አጥንት የገጠመው አጥንቱ ራሱ ስለሚሠራ ነው፤ እሱ ያደረገው አስተካክሎ ማሰር ነው። ወጌሻው ሳይማር ያወቀውን እኔ ተምሬ አላወቅሁም።

ስለ ሕፃናትም አንድ ነገር ልበል። በ1997 እ.ኤ.አ. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ፣ አዲስ አበባ ውስጥ የተሠራ ጥናት አለ። ዶክተር ሉሉ ሙሄና ባልደረቦቹ የሳንባ ምች የያዛቸውን 500 ሕፃናትና ያልያዛቸውን 500 ሕፃናት አነጻጸሩ። ከታመሙት 210ሩ ሪኬትስ ነበረባቸው፤ ካልታመሙት 20ዎቹ ብቻ። ሌሎች ምክንያቶች ተቀንሰው እንኳ ሪኬትስ ያለበት ሕፃን በሳንባ ምች የመያዝ ዕድሉ ወደ 13 እጥፍ ይጠጋ ነበር። ሪኬትስ አጥንት በቫይታሚን ዲ ወይም በካልሲየም እጥረት ሳይጠነክር ሲቀር ነው።

ልብ በሉ፣ አጥንትና ሳንባ ምን አገናኛቸው? አፅምን በሥራው ካወቃችሁ አንዱ መልስ ይታያችኋል። ጎድን የሳንባ አጥር ብቻ አይደለም፣ ለመተንፈስ የሚሠራ ነው። ጎድኑ ሲልም ደረቱ በደንብ አይከፈትም። እንግዲህ የአሥራ ሦስት ወር ፀሐይ ባለበት አገር ልጆች በፀሐይ እጦት አጥንታቸው ይልማል፤ ምክንያቱም «ምች ይመታዋል» ብለን ጠቅልለን ቤት እናስቀምጣቸዋለን። ጤና ባለሙያዋ «ሕፃኑን ፀሐይ አሙቂው» ስትል እናት የምትሰማው እንደ ልማድ ምክር ነው። አጥንት የሚሠራ፣ የሚመገብ፣ የሚራብ ነገር መሆኑን በአምስተኛ ክፍል ብታውቅ ኖሮ ምክሩን ሌላ አድርጋ ትሰማው ነበር።

አሁን መልስ የምሰጣቸው ሁለት ወገኖች አሉ።

አንዱ ወገን «ችግሩ አማርኛው ነው፤ ለሳይንስ አይሆንም፣ በእንግሊዝኛ ይማሩ» ይላል። ወንድሜ፣ እንግሊዝኛው ራሱ «የደረቀ» ከሚል የግሪክ ቃል ነው የተነሳው። ቃል ሰፍቶ ነው ለሳይንስ የሚሆነው፣ ሰፍቶ አይወለድም። ደግሞስ ኩብኩባንና አንበጣን በአንድ በአንድ ቃል የለየ ቋንቋ ደሃ ነው? መቅኒ፣ ቅልጥም፣ አከርካሪ፣ ጉልጥምት፣ ራስ ቅል፣ ደንደስ፣ ቅሪተ አካል ያለው ቋንቋ? የጎደለው ቃል አይደለም፤ ቃሉን የሚያብራራ መምህር ነው። እኔን ጨምሮ።

ሌላው ወገን ደግሞ ለእያንዳንዱ ነገር ከግእዝ አዲስ ቃል ቆፍሮ ያወጣና ማንም ሳይገባው መጽሐፍ ላይ ይለጥፋል። ይሄም አይረዳም። ልጁ የማያውቀውን የእንግሊዝኛ ቃል በማያውቀው የግእዝ ቃል ብትለውጡለት ምን አተረፈ? ያው ሽምደዳ ነው፤ ፊደሉ ብቻ ተለወጠ።

እኔ የምለው ቀላል ነው፣ በጀትም አይጠይቅም። አጥንት ለአጥንት ይቀመጥ፤ ሕያው፣ ደም ያለው፣ የሚታደስ። አፅም ደግሞ አካልን ለሚያቆመው መዋቅር ሁሉ ይሁን፤ ከአጥንትም ይሠራ፣ ከካርቲሌጅም፣ ከካይቲንም፣ ከውሃም። ካርቲሌጅን ካርቲሌጅ እንበለው፣ «አጥንት» የሚለውን ስም አናውሰው። በመንደራችን አፅም ማለት የሞተ ሰው አጥንት መሆኑን ደግሞ አንደብቅ። ክፍል ውስጥ በግልጽ እንናገረው፦ «ልጆች፣ ቤታችሁ አፅም ሲባል እንዲህ ነው፣ በሳይንስ ደግሞ እንዲህ ይሰፋል፤ ሁለቱም ትክክል ናቸው።» አንድ ደቂቃ ነው የሚፈጀው። ያቺ ልጅ ያችን አንድ ደቂቃ ነው የተነፈገችው።

መምህር የሆናችሁ ተማሪዎቼ፣ አንድ የቤት ሥራ ልስጣችሁ። ለበዓል ዶሮ ሲሠራ ሁለት የእግር አጥንት አስቀሩ። አንዱን ኮምጣጤ ውስጥ ለጥቂት ቀናት ንከሩት፣ ኮምጣጤውን እየቀየራችሁ። ማዕድኑ ይሟሟና አጥንቱ እንደ ጎማ ይተጣጠፋል። ሌላውን ከሰል ላይ ነጭ እስኪሆን አቃጥሉት፤ ማዕድኑ ይቀራል፣ ክሩ ይነድዳል፣ ስትነኩት ይፈረፈራል። ልጆቹ በእጃቸው ይንኩት። አጥንት አንዱ ያለ ሌላው የማይቆም የሁለት ነገር ጥምረት መሆኑን ሰሌዳ ላይ ሳትጽፉ ያውቁታል። ከዚያ ፌስታል ውሃ ሞልታችሁ አፉን እሰሩና «ይሄስ?» በሏቸው። የሚስቅ ካለ እናንተ አትሳቁ።

ለጎረቤቴ ልጅ የነገርኳትን ልንገራችሁና ላብቃ። ወረቀቷን ተቀብዬ፣ ክንዷን አስይዤ፣ «ይሄ ምንድን ነው?» አልኳት። «አጥንቴ» አለች። «ሞቷል?» አልኳት። «አልሞተም፣ ያመኛል ስመታው» አለች። «የአያትሽም እንደዚህ ነበር፣ በሕይወት እያሉ። እማዬ አልዋሸችም። መምህርሽም አልዋሸም። ግማሽ ግማሹን ነው የነገሩሽ» አልኳት።

ከዚያ ወረቀቷን አጥፋ «ታዲያ ለምን ዜሮ ሰጠኝ?» አለችኝ።

እኔ መልስ የለኝም። በማርክ ላይ ያላችሁ መምህራን ከዚህ በታች መልሱላት፤ አነብላታለሁ።